የእናቴ ምጣድና ጥቁሩ ክሪስታል

የመጋቢት አቦ ዋዜማ ነበር። መካኒሳ አቦ ያደገ ሰው ይህ ምሽት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ላላደገው ልንገረው። እናቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ያሳደገችን እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው። በአዘቦት ቀን አንድ ቡሃቃ ሊጥ ይበቃታል፤ ለአቦ ግን የጎረቤቱ ሁሉ የዝክር እንጀራ የሚታዘዘው ከእርሷ ስለሆነ ሦስትም አራትም ይቦካል። እኔም ያን ዕለት ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ በሳር ቤት በኩል መካኒሳ፣ በሁለት ታክሲ ተንገላትቼ ደረስኩና ደብተሬን አልጋ ላይ ወርውሬ ሰፌድ ያዝኩ።

ሠላሳኛው ይሁን ሠላሳ አንደኛው እንጀራ ላይ፣ ገና ዓይን ማውጣት ሲጀምር፣ መብራት ጠፋ።

«ኧረ በአቦ! ዛሬን እንኳ!» አለች እናቴ። አክንባሎውን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ደፋችው። ምጣዱ የያዘው ሙቀት ያንን አንድ እንጀራ ያብስለው አያብስለው እንጃ። በጨለማው ሻማ ፍለጋ ስንርመሰመስ ወንድሜ፣ አፉ መቼም አያርፍም፣ «እማዬ አትጨነቂ» አላት፤ «እሷ የምታጠናው እኮ ኤሌክትሪክ ምንም ሳይባክን የሚያልፍበትን ዕቃ ነው። እሱ ሲመጣ መብራት መጥፋት ብሎ ነገር የለም።»

እናቴ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ «እውነት ነው እንዴ ልጄ?» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ዓርብ የመመረቂያ ጥናቴን ርዕስ ለአማካሪዬ ማስገባት ነበረብኝ። ርዕሱን በልቤ ይዤዋለሁ፤ ነገር ግን «ለምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። አማካሪዬ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ እናቴ ቀደመቻቸው። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳና ምን ብዬ እንደመለስኩላት ኋላ እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲሄድ ሽቦው እምቢ ይላል። ይህን እምቢታ በክፍል ውስጥ ሬዚስታንስ እንለዋለን። ኤሌክትሮኖቹ ከሚርገበገቡት አቶሞችና ከቁሱ እንከን ጋር እየተላተሙ ጉልበታቸውን ያፈሳሉ፤ የፈሰሰው ጉልበት ሙቀት ይሆናል። በ1911 በሆላንድ አገር፣ በላይደን ከተማ፣ ካመርሊንግ ኦነስ የተባለ ሊቅና ባልደረቦቹ ሜርኩሪን በፈሳሽ ሂሊየም ሲያቀዘቅዙ 4.2 ኬልቪን ላይ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ እምቢታው ድንገት ጠፋ። ቀነሰ አላልኩም፤ ጠፋ። እንዲህ ያለውን ቁስ ሱፐርኮንዳክተር ብለው ጠሩት።

ይህ እንግዲህ የብረታ ብረት ታሪክ ነው። እኔን የያዘኝ ግን የኦርጋኒኩ ነው። ኦርጋኒክ ስንል ከካርቦን የተገነባ ማለታችን ነው፤ ስኳሩም፣ ቤንዚኑም፣ ፌስታሉም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚለብሰው ላስቲክም በዚሁ ወገን ናቸው። ላስቲኩን ሽቦ ላይ የምናለብሰው ኤሌክትሪክ እንዳይነዝረን ነው። በ1964 ዊሊያም ሊትል የተባለ የፊዚክስ ሰው ተነሥቶ፣ ከኦርጋኒክ ሞለኪውል ሱፐርኮንዳክተር መሥራት ይቻላል፣ ያውም በክፍል ሙቀት፣ ብሎ ሲጽፍ ብዙዎች ልብሱን ከሽቦው ጋር ያምታታ ሳይመስላቸው አልቀረም። በክፍል ሙቀት ያለው እስከ ዛሬ አልሆነም። የቀረው ግን ሆነ። ክላውስ ቤክጋርድ ኮፐንሃገን ላይ አንድ ክሪስታል አዘጋጀ፤ ደኒ ዤሮምና ባልደረቦቹም ፈረንሳይ ኦርሴ ላይ በ12 ሺህ ባር ገደማ ግፊት አስጨንቀው፣ ከ1 ኬልቪን ጥቂት ዝቅ ወዳለ ብርድ ሲያወርዱት እምቢታው ጠፋ። ወሬው የወጣው በ1980 ነው።

ካርቦን ኤሌክትሪክ ማስተላለፉ ለእኛም ግቢ እንግዳ ወሬ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ሰዎች፣ እነ ወንድማገኝ ማሞ፣ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ለፀሐይ ብርሃን ሴል የሚሆኑ ፖሊመሮችን ሠርተዋል። የእነርሱ ቁስ ሱፐርኮንዳክተር አይደለም፤ ዘመዱ ግን ነው። እኔም «ካርቦን ያስተላልፋል» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት እዚያው አራት ኪሎ ነው።

አሁን ወደ ጥቁሩ ክሪስታል ልምጣ። መነሻው አንድ ሞለኪውል ነው፤ 10 ካርቦን፣ 8 ሃይድሮጅን፣ 8 ሰልፈር። ስሙ ረጅም ስለሆነ በአጭሩ «ኢቲ» ይሉታል። ይህን ሞለኪውል ከሌላ ጨው ጋር በፈሳሽ አሟሙተው፣ በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ እያሳለፉ፣ ቀናትና ሳምንታት በትዕግሥት ቢጠብቁት በሽቦው ጫፍ ላይ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ክሪስታል ይበቅላል።

ውስጡን በዓይነ ልቦናችሁ ለማየት የእናቴን መሶብ አስቡት። እንጀራ በእንጀራ ላይ ተነባብሯል፤ በየሁለቱ እንጀራ መካከል ደግሞ ስስ ወረቀት ገብቷል እንበል። እንጀራው የኢቲ ሞለኪውሎች ንጣፍ ነው። ወረቀቱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የሌላው ጨው ንጣፍ ነው። ከአንዱ እንጀራ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 1.5 ናኖሜትር ገደማ ነው። ኤሌክትሮኑ በአንዱ እንጀራ ላይ እንደልቡ ይንሸራሸራል፤ ወደ ላይኛው ወይም ወደ ታችኛው እንጀራ ለመዝለል ግን ያ ወረቀት ይከለክለዋል። ስለዚህ በንጣፉ ላይ ያለው ማስተላለፍ ከንጣፍ ወደ ንጣፍ ካለው በሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ይበልጣል። ንብርብር የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከነዚህ ክሪስታሎች አንዱ፣ በመካከሉ መዳብና ክሎሪን ያለበት ጨው የገባበት፣ በጣም ይገርመኛል። በተለመደው የመማሪያ መጽሐፍ ስሌት ይህ ክሪስታል ጥሩ አስተላላፊ መሆን ነበረበት። ሲቀዘቅዝ ግን ድርቅ ይላል፤ ምንም አያስተላልፍም። ለምን? ኤሌክትሮኖች እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ ነው። ከሜክሲኮ መካኒሳ የሚመጣ ሙሉ ታክሲ አስቡ፤ በየወንበሩ አንድ አንድ ሰው አለ። ቦታ ልቀይር የሚል ሰው ሌላው ጭን ላይ ካልተቀመጠ በስተቀር መንቀሳቀሻ የለውም፤ ጭኑንም የሚሰጠው የለም። ሁሉም በየቦታው ቀጥ! ክሪስታሉ ውስጥም ሞለኪውሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ በየጥንዱ ላይ አንድ አንድ ተጓዥ ተቀምጧል። ይህን ዓይነቱን ቁስ፣ ነገሩን ባብራራው በእንግሊዛዊው በኔቪል ሞት ስም ይጠሩታል።

አሁን ግፊት ጨምሩበት። ሞለኪውሎቹ ይቀራረባሉ፤ ከአንዱ ጥንድ ወደ ሌላው መሻገር ይቀልላል፤ መሻገሩ ከመገፋፋቱ ሲበረታ የቆመው ሁሉ ይነቃነቃል። የሚገርመው ታዲያ የሚያስፈልገው ግፊት ማነሱ ነው፤ 300 ባር ገደማ ይበቃል። መካኒሳ ላይ የሚጫነን አየር ሦስት አራተኛ ባር ያህል ስለሆነ፣ የዚያን 400 እጥፍ ቢሆን ነው። በዚያ ግፊት ሥር፣ ድርቅ ብሎ የነበረው ክሪስታል 12.8 ኬልቪን ላይ እምቢታው ጨርሶ ይጠፋል። ይህ የታወቀው በ1990 ነው። በክሎሪኑ ፋንታ ብሮሚን ያስገቡበት እንደሆነ ደግሞ፣ ያለ ምንም ግፊት 11.6 ኬልቪን ገደማ ላይ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። አንድ አቶም መለወጥ ክሪስታሉን ከውጭ የመጫን ያህል ሆነ ማለት ነው።

ግፊት የቁስን ጠባይ መለወጡን ለማመን ፈረንሳይ መሄድ አያስፈልግም። እኛ ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ ነን፤ ውኃችን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሽምብራችን አልበስል የሚለው ስለዚህ ነው። ሂሊየሙም ቢመጣልን ሳይንቲስቶቹ ከሚጠቅሱት 4.2 ኬልቪን ጥቂት ዝቅ ብሎ ይፈላል። አልመጣልንም እንጂ! ፈሳሽ ሂሊየም በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ ጥቁሩንም ክሪስታል ያየሁት በሥዕል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠብ ልንገራችሁ። በዚሁ መጽሔት ላይ ግጥም የሚጽፍ ጓደኛ አለኝ። ሻይ እየጠጣን ይህን ሁሉ ብነግረው ጠረጴዛውን መታ። «ይኸውልሽ!» አለ፤ «ሲጫኑት ይነሣል! ጭቆና ሲበዛበት የቆመው ሕዝብ ይነቃነቃል! ምን ትጠብቂያለሽ? ጻፊው እንጂ!»

«አልጽፈውም» አልኩት።

«ለምን?»

«ውሸት ስለሆነ ነዋ። እዚያው ክሪስታል ላይ ግፊቱን ብትጨምርበት ሱፐርኮንዳክተርነቱ እየደከመ ይሄዳል፤ አብዝተህ ብትጫነው ይጠፋል፤ ተራ ብረት ይሆናል። ታዲያ ለግጥምህ ምን ልትለው ነው? ጥቂት ጭቆና ደግ ነው፣ ብዙ ጭቆና ክፉ ነው?»

ተናደደብኝ፤ ሻዩን ግን ከፈለልኝ። እኔ የማምነው ይህን ነው፤ ክሪስታሉ ተረትና ምሳሌ ሊሆነን አልተፈጠረም። ኤሌክትሮን ሕዝብ አይደለም። የታክሲውን ምሳሌ እኔም አምጥቼዋለሁ፤ ግን እስከሚያስረዳበት ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማውረድ አለብን። ስለ ጭቆና መናገር የፈለገ ሰው በቀጥታ ይናገር እንጂ ክሪስታል አያስመስክር።

ግፊቱ እንዲህ ከሆነ የማግኔቱ ነገር ደግሞ የባሰ ይገርማል። ሱፐርኮንዳክተር ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ የሚጓዙት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው፤ ይህን ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር በ1957 አስረድተዋል። ኃይለኛ ማግኔት ጥንዶቹን በሁለት መንገድ ያፋታል። አንደኛ፣ መንገዳቸውን ያጣምማል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ራሱ ትንሽ ማግኔት ነውና፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የቆሙትን ሁለቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ሊያዞራቸው ይታገላል። ስለዚህ ማግኔት ለሱፐርኮንዳክተር ጠላት ነው ተብለን ተምረናል።

በንብርብሩ ክሪስታል ግን አቅጣጫው ወሳኝ ነው። የማግኔቱ መስክ ንጣፎቹን ቀጥ ብሎ ቢወጋ ኤሌክትሮኑ በንጣፉ ላይ ክብ ይዞራል፤ ጥንዱም ይፈርሳል። መስኩ ከንጣፎቹ ጋር ትይዩ ሆኖ ቢጋደም ግን፣ ኤሌክትሮኑ ለመዞር ወረቀቱን መሻገር ስላለበት መዞር ያቅተዋል። የመጀመሪያው ጠላት ደከመ ማለት ነው።

በ2001 ከጃፓን እነ ኡጂ ያወጡት ውጤት ከዚህም አለፈ። በንጣፎቹ መካከል የብረት አቶም የገባበት፣ የኢቲ የቅርብ ዘመድ የሆነ ክሪስታል አለ። ማግኔት ሳይነካው ቢያቀዘቅዙት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። መስኩን ከንጣፎቹ ጋር ትይዩ አድርገው እያበረቱ 18 ቴስላ አካባቢ ሲደርሱ ግን ሱፐርኮንዳክተር ሆነ! እስከ 41 ቴስላ ገደማም ዘለቀ። ጠላት የተባለው ማግኔት ወለደው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ የብረቱ አቶሞች ራሳቸው ማግኔት ስለሆኑ ኤሌክትሮኖቹን ወደ አንድ ወገን ይጎትቷቸዋል፤ ከውጭ የመጣው መስክ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይጎትታል፤ ሁለቱ ሲጣፉ ኤሌክትሮኑ ምንም ማግኔት እንደሌለ ያህል ያርፋል። ይህ እንደሚቻል ያካሪኖና ፒተር በ1962 አስበውት ነበር።

ይህን ባነበብኩ ዕለት ወደ ቤቴ ስሄድ ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ የምድር ማግኔት ወገብ አጠገብ ናት። ዋልታዎቹ ዘንድ የምድር መስክ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እኛ ጋ ግን ወደ መጋደሙ ነው። በ1957 እና በ1958 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ ሲታወጅ ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዊን በአዲስ አበባ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙትና ይህን መስክ መለካት የተጀመረው፣ ቦታዋ ለዚህ ስለምትመች ነው። መጠኑ 36 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው። በወረቀት ላይ አባዛሁት፤ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ቢባዛ 36 ቴስላ! በትክክል እነ ኡጂ ከለኩት መካከል የሚወድቅ። ክሪስታሉንም የጥናት ጠረጴዛዬ ላይ ባስተኛው፣ የመካኒሳ አቦ መስክ በንጣፎቹ መካከል ጋደም ብሎ ያልፋል። አቅጣጫው ሞልቶልኛል፤ የጎደለኝ አንድ ሚሊዮን እጥፍ ብቻ ነው። ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ደኅና ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

ቀልዱ ግን መንገድ አሳየኝ። በ1988 በሶቪየት ኅብረት እነ ካርትሶቭኒክ ከነዚህ ክሪስታሎች አንዱን በማግኔት መስክ ውስጥ እያዞሩ ሲለኩት፣ እምቢታው ከአንግሉ ጋር ከፍ ዝቅ ይል ነበር፤ ያውም በሥርዓት። በ1989 ያማጂ የተባለ ጃፓናዊ ምክንያቱን በአጭር ስሌት አስረዳ፤ አንዳንድ አንግሎች ላይ ኤሌክትሮኑ ምንም ያህል ቢሮጥ በአማካይ ከንጣፍ ወደ ንጣፍ አይሻገርም። ከነዚያ አንግሎች ተነሥቶ ኤሌክትሮኖቹ በንጣፉ ላይ የሚጓዙበትን ቅርጽ ማወቅ ይቻላል። ለመለካት ሂሊየምና ትልቅ ማግኔት ያስፈልጋል። ለማስላት ግን ትሪጎኖሜትሪ፣ እርሳስና አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ይበቃል። የታተመው መለኪያ አለ፤ ስሌቱን እንደገና ከሥሩ ሠርቶ፣ ግፊት ሲጨምር አንግሎቹ ወዴት እንደሚሸሹ መጠየቅ እችላለሁ። እነሆ ርዕሴ።

ወደ ጨለማው ቤት ልመለስ። ሻማው በርቷል፤ እናቴ መልሴን ትጠብቃለች።

«እውነት አይደለም እማዬ» አልኳት። «መብራቱ የሚጠፋው ሽቦው እምቢ ስላለ ብቻ አይደለም። ደግሞ ይኼ የማጠናው ነገር የሚሠራው ሰው በማይደርስበት ብርድ ነው። ለመብራት አይሆንም።»

«ለምጣዱስ?»

«ለምጣዱማ ጭራሽ!» ሳላስበው ሳቄ መጣ። ምጣዷ 3.5 ኪሎዋት ያህል ትበላለች፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር፣ እምቢታዋ ወደ 14 ኦም። በሸክላው ሥር የተጠመጠመው ሽቦ የሚግለው እምቢ ስለሚል ነው። እምቢታ የሌለው ሽቦ ቢገባበት፣ ስንት ቀን ቢሰካ አንድ እንጀራ አይወጣውም። ይህን በቀላሉ ነገርኳት።

«እንዲያ ከሆነ ምጣዴን አትንኪብኝ» አለች። ቆይታም «ታዲያ የማያበላ፣ የማያበራ፣ አይተሽው የማታውቂው ነገር፣ ምን ይሁን ብለሽ ነው የምታጠኚው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፤ አገር፣ ዕድገት፣ ቴክኖሎጂ የሚል። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ ስለምፈልግ» አልኳት። «ካወቅሁም በኋላ ለሌላ ሰው ማስተማር ስለምፈልግ።»

ብዙ ዝም አለች። አክንባሎውን አነሣች፤ ሠላሳ አንደኛው እንጀራ ከሥሩ ሊጥ ሆኖ ቀርቷል።

«ማስተማሩ ደግ ነው» አለች በመጨረሻ። «ብቻ ለሰው መብራት ይመጣል ብለሽ አትዋሺ። ለወንድምሽም እንዲያ ብለሽ አትንገሪው፤ ልጅ ነው፣ ያምንሻል።»

መብራት የመጣው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጋገርን። ጠዋት አቦ ደርሼ፣ እንጀራውን አድርሼ፣ ታክሲ ላይ እያንቀላፋሁ አራት ኪሎ ሄድኩ። ዓርብ ዕለት አማካሪዬ ወረቀቴን ተቀብለው አነበቡና «ጥቅሙ» ከሚለው ሣጥን ላይ ዓይናቸው ቆመ። እዚያ ላይ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ኤሌክትሮኖች በንብርብር ክሪስታል ውስጥ እንዴት እንደሚጓዙ ለማወቅ»።

«ይኼ ብቻ ነው?» አሉኝ።

«ይኼ ብቻ ነው» አልኳቸው፤ ፈረሙልኝ።